አፋቸው ቀድሞ ታረቀ

«ማዛጋት የሚጋባው ዘመድ ለዘመድ ነው» ያለችው እናቴ ነበረች መሰለኝ። አባቴና ታናሽ ወንድሙ በአንዲት ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር፤ የስፌት መኪናዎቻቸው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ሰሞን ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ አጎቴም መኪናውን ይዞ ሊወጣ ቆርጧል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ድምፅ አውጥቶ አዛጋ። ፊቱን እንኳ ያላየው አጎቴ ተከተለ፤ በሩ ላይ የተኛው ውሻችንም አፉን ከፈተ።

እናቴ ሳቀች። «አፋችሁ ታርቋል እኮ፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ድካም ነው፣ እትዬ» አለ አጎቴ።

«ውሻውስ ምን ሰፍቶ ደከመው?»

አጎቴ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አመለጠው።

ማዛጋት ለምን እንደሚጋባ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ያን ቀን ግን አጎቴ መውጣቱን ትቶ መኪናውን ወደ ወንድሙ ፊት አዞረ።