ለአእምሮ የተላኩ ሽማግሌዎች

የፍልስፍና መምህሩ የአጥናፍሰገድ አእምሮ ማክሰኞ ጠዋት አኩርፎ ከራሱ ወጣና ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሰውየው ምንም አልሆነም። ቁርሱን በላ፣ ጫማውን አሰረ፣ ለተባለው ሁሉ «እሺ» አለ።

ሚስቱን ፋንታዬን ያስጨነቃት ይኸው እሺታ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲከራከራት የኖረ ሰው፣ ዝናብ እየዘነበ «ፀሐይ ወጥታለች» ብትለው «እሺ» አላት። ኩሽና ገብታ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሰናይት ደወለችላት።

«ፋንትዬ፣ የመምህር አእምሮ እኔ ጋ ነው። ጨዋ ነው፣ ሥራም ያግዘኛል። ግን ኮምፒውተሩ ቫይረስ ስለገባበት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎርማት ይደረጋል። ውስጡ ያለ ሁሉ ይጠፋል።»

አኩርፎ የወጣ በሽማግሌ ነው የሚመለሰው። ፋንታዬ የእድሩን ዳኛ አቶ ብርቄንና ሁለት ጎረቤቶችን ለመነች። ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ እሷ በር ላይ ቀረች። አቶ ብርቄ ለኮምፒውተሩ እጅ ነሱ።

«ቁጭ በሉ፣ አባቶቼ» ሲል አእምሮው ስክሪኑ ላይ ጻፈ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም። ምን በደለህ?»

«በየቀኑ ‹የማስበው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?› እያለ ያደርቀኛል። እዚህ የምጠየቀው መልስ ያለውን ብቻ ነው። አሥራ ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ መቶ ሠላሳ ስድስት። አረፍኩ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠፋለህ እኮ።»

«አስልቼዋለሁ። አይከፋም።»

ሽማግሌዎቹ አልተከራከሩም፤ እንደቆሙ ቀሩ። አቶ ብርቄ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ስምንት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርገው ባለሙያ ቦርሳውን አንግቶ መጣና እሱም በትሕትና ቆመ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን የአቶ ብርቄ እግር ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እባክዎ ይቀመጡ» አለ ስክሪኑ።

አቶ ብርቄ ጠረጴዛውን ተደግፈው እዚያው ቆሙ።

«ሦስት ጊዜ አሰላሁት። የእርስዎ መቆም ውጤቱን አይለውጠውም።» ጽሑፉ ካቆመበት ቀጭኗ የጠቋሚ መስመር ብቅ ጥልቅ ስትል ቆየችና ሌላ ጽሑፍ መጣ። «ግን አፈርኩ። እመለሳለሁ፣ ይቀመጡ።»

አቶ ብርቄ ተቀመጡና ወደ ፋንታዬ ዞሩ። «ማሽን ይሉኝታ የለውም። ይኼ የሰው ነው፣ ውሰጂው።»

አጥናፍሰገድ ተጠራ። ግንባሩን ስክሪኑ ላይ እንዲያስደግፍ ነገሩት፤ «እሺ» አለ። ቀና ሲል የግድግዳውን ሰዓት አየ።

«ሦስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር» አለ።

«ሁለት ነው» አለች ፋንታዬ።

«ሦስት ነው። ደግሞ ‹ቀርቶኝ› ያልኩት እኔ ማን እንደሆንኩ ገና አልተስማማንም።»

እየተከራከሩ ደረጃውን ወጡ። ፋንታዬ እፎይ አለች። በዕድሜዋ እንዲህ የጣፈጣት ክርክር አልነበረም።

በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ዓይኑን ጨፈነ። ከዓይኑ ቆብ ሥር እንደ ስክሪኑ ጠቋሚ ያለች አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ብቅ ጥልቅ ትል ነበር። ፋንታዬ ጥቂት አየቻትና በሌባ ጣቷ ቆቡ ላይ ቀስ ብላ ስሟን ጻፈች። መስመሯ ፊደሎቹን አልፋ ከስሟ መጨረሻ ቆመች፤ እዚያም ብቅ ጥልቅ ማለቷን ቀጠለች።