የሳጥኑ ዋጋ

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሰው ከተሰበሰበ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ባሌ ወልደገብርኤል ማዕበል መሃል ቆሞ ከጀልባ ነጂ ጋር በዋጋ ተከራከረ ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚሉት። እሱም ሆደ ሰፊ ነውና አብሯቸው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ጀልባዋ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ የተኛውም የእኔ አባት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ስሙት፤ ከዚያ ወዲያ መሳቅ የቻለ ይሳቅ።

አባቴ ገብረክርስቶስ ለሕክምና ነቀምቴ መጥቶ እኛ ቤት ሳለ አረፈ። አገሩ ግን ከፊንጫ ሐይቅ ማዶ ነው፤ ግድቡ ሲሠራ ውኃው ሦስት ጎኗን ከብቦ የተዋት አንዲት ትንሽ መንደር። አያቶቹ ከጎጃም አባይን ተሻግረው እዚያ ሰፈሩ፤ እሱ ደግሞ በመንደሩ ገበያ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ዕድሜውን ጨረሰ። እናቴ ወሰኔ ጉልበቷን ስለሚያማት የመኪና መንገድ አትችልም፤ መጥታ አላስታመመችውም። በስልክ ስነግራት አላለቀሰችም። «አምጡልኝ» ነው ያለችኝ። «ኪዳነ ምሕረት ይግባልኝ። እኔም ነገ ከጎኑ እገባለሁ።»

«እናመጣዋለን እማዬ» አልኳት።

ይህን ቃል ሰጥቼ ነው ከነቀምቴ የተነሳሁት። ክረምት ስለነበረ ወደ መንደሩ የሚያዞረው መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ መኪናው ከሐይቁ ዳር ማለፍ አልቻለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጀልባ ብቻ ነው። ጀልባዋም ትንሽ ስለሆነች የዕድራችን ሰዎች በሁለተኛው ዙር ሊሻገሩ ዳር ቀሩ፤ እኔና ወልደገብርኤል ከሳጥኑ ጋር ተሳፈርን።

ጀልባ ነጂው ሞረዳ ይባላል። ሳጥኑ የማን መሆኑን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። «ኦቦ ገብሬ!» አለ፤ የሰርጉን ኮት የሰፋለት አባቴ እንደሆነ በኦሮምኛ ነገረኝና ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። አማርኛ እምብዛም አይችልም። ቀጥሎ ሳጥኑ ጀልባዋ ወለል ላይ እንዲቀመጥ ፈለገ። ወለሉ ላይ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ቤንዚንና የዓሣ ቅርፊት የተቀላቀለበት ውኃ።

ወልደገብርኤል እንቢ አለ። «ሽማግሌ ሰው እግራችን ሥር? አማቴ በቁሙ እንኳ ከእኔ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም!» ብሎ ሳጥኑን መቀመጫዎቹ ላይ አስጋደመውና በገመድ አሰረው። ሞረዳ ራሱን ነቀነቀ፣ ነገር ግን ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? ወደ ሞተሩ ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አባቴ ከሁላችን በላይ ሆኖ ሲሻገር ማየት ደስ አለኝ።

ስለ ባሌ ኦሮምኛ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ እዚሁ ወለጋ ተወልጄ በሁለቱም ቋንቋ አድጌአለሁ። እሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ነው የተማረው። የሱቅ ኦሮምኛ ነው ያለው። «ሜቃ» ይላል፣ ስንት ነው ለማለት። «ገቲ» ይላል፣ ዋጋ ለማለት። «ሂርኢሲ»፣ ቀንስ ሲሉት ደግሞ ጆሮው ይደፈናል። ለቅሶ ቤት ስንሄድ አፉን ዘግቶ እኔን እኔን ነው የሚያየው።

ስንነሳ ሐይቁ ተኝቶ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚሉት ይኼንን ነው። መሃል ስንደርስ በሻምቡ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ ከማለት ወደቀብን ማለት ይሻላል። ከኋላው ዝናብ ከበረዶ ጋር ተከተለ፤ ዳር የቀሩት ሰዎችም ጠፉ፣ ማዶ ያለችው መንደርም ጠፋች። ባሕር ያዩ ሰዎች የሐይቅ ማዕበል ምን አላት ይላሉ። መጥተው ይዩዋት! አጭር ስለሆነች ፋታ አትሰጥም፤ አንዷ አንስታ ሳታወርድሽ ሁለተኛዋ ጎንሽን ትመታሻለች።

እኔ ከፊት ሆኜ የሳጥኑን ራስጌ አቅፌአለሁ። ወልደገብርኤል ከመሃል ሆኖ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ይቀዳል። ሞረዳ ከኋላ ሞተሩን ይዟል። ያስመልሰኛል፤ አስመልሼ ሳልጨርስ ማዕበሉ አፌን ይሞላዋል። ጀልባዋ ወደ ጎን በተጋደመች ቁጥር ሳጥኑ ከላይ ሆኖ ይጎትታታል፤ ልትቃና ትጀምርና መልሳ ትወድቃለች። በየጊዜው አሁንስ አትመለስም እላለሁ። «ኪዳነ ምሕረት፣ ቤትሽ ነው የምናመጣው፣ ቤትሽ ነው» ከማለት ሌላ ጸሎት ጠፋብኝ። ከዚያ ሞተሩ ሳር ዋጠና ቀጥ አለ።

ነፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚነፍስ የሞረዳ ድምፅ እኔ ጋ አይደርስም። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እጁ ሲወራጭ ብቻ ነው የማየው። ወልደገብርኤል ግን ይሰማዋል። ጀሪካኑን እንደያዘ ዞሮ፣

«ከፍያለሁ እኮ! ስንነሳ ከፍያለሁ!» ብሎ ጮኸበት።

ሞረዳ አሁንም ጮኸ። በሁለት እጁ ወደ ሳጥኑ አመለከተ።

«ለሬሳ ለብቻ ይከፈላል እንዴ? አንተ ሰውዬ እግዚአብሔርን አትፈራም?»

ማዕበል መታን። ውኃው እስከ ጉልበታችን ገባ። ሞረዳ እንደ እብድ እየጮኸ ነው። ባሌ እጁን ኪሱ ከተተና የነበረውን ብር ሁሉ አውጥቶ ዘረጋለት። «እንካ! ሁሉንም እንካ! ብቻ አድርሰን!» ነፋሱ ብሩን ከእጁ ነጥቆ ውኃው ላይ በተነው። ሰው የሚስቀው እዚህ ጋ ነው። ባሌ ግን ያኔ ሲቆጥብ አልነበረም፤ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነበር።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ዝናብ ይሁን እንባ አላውቅም።

«አዜብ! ይኼ ሰው የሳጥኑን ዋጋ ጨምር እያለኝ ነው! በቋንቋው ንገሪው!»

«ምንድን ነው ያለህ?»

«ሳንዱቃ ገቲ! ሳንዱቃ ገቲ ነው የሚለኝ!»

ሞት የተፈረደብኝ ያኔ መሰለኝ። ቃሉን የሰማሁት ከገዛ ባሌ አፍ ነው። በኦሮምኛ ዋጋም ገቲ ነው፤ ጣለው ማለትም ገቲ ነው። የዋጋው ገቲ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሳባል፤ በዚያ ነፋስ ማን መሳቡን ይለያል? ሞረዳ እንደ ወጉ አክብሮ በአንቱታ ቢናገረው ኖሮ «ገታ» ይለው ነበር፤ ገታ ደግሞ ከዋጋ ጋር አይምታታም። ጭንቅ ግን አንቱታ አያውቅም። ልጄን፣ ወንድሜን እንደምጣራው አንተ ብሎ ነው የጮኸበት፣ ገቲ፣ ጣለው!

ገባኝ። ግን እንዴት ብዬ በአማርኛ ልበለው?

«ዋጋ አይደለም ወልዴ» አልኩት። «ጣለው ነው የሚልህ።»

«ምኑን?»

«ሳጥኑን!»

ሳጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ። «አባትሽን?»

«አባቴን!»

በድንጋጤ ሳጥኑን ወደ ወለሉ ሊያወርደው ገመዱን መፍታት ጀመረ። ገና አንዱን ጫፍ ሲያነሳው ጀልባዋ ወደ ጎን ተገለበጠች ስል ጠርዟ ውኃ ጠጣ። ሞረዳ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ሳጥኑን ለቀቀው፤ ጀልባዋ እንደ ምንም ተመለሰች። ከዚያ ባሌ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ረጋ አለ። ያ እርጋታው ከማዕበሉ ይልቅ አስፈራኝ።

«እኔና እሱ በክብደት እኩል ነን» አለኝ። «እኔ ልውረድ። እሱ ይድረስ። ለእማማ ቃል ሰጥተናል።»

አንድ እግሩን በጀልባዋ ጠርዝ አሻገረ። ዋና የማይችል ሰው! ወንዝ ስንሻገር እንኳ እጄን የሚይዘኝ ሰው! ሳጥኑን ትቼ ቀበቶው ላይ ተጠመጠምኩ። ይታገለኛል። «ልቀቂኝ፣ እኔ ነኝ ከላይ ያስቀመጥኩት፣ እኔ ነኝ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ የሞተውን አልለቅም አለ፣ እኔ በሕይወት ያለውን አልለቅም አልኩ። ክንዱን ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ።

«ስማኝ!» አልኩት። «እሱ ሞቷል! አባቴ ሞቷል! አንተን ከቀበርኩ በኋላ ማን ጋ ነው የምመለሰው? ማን ጋ?»

አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሞቷል የሚለውን ቃል በአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነበር። ባሌ እግሩን መልሶ ወለሉ ላይ፣ ውኃው ውስጥ ቁጭ አለና ፊቱን ሸፈነ።

ሞረዳ በሆዱ እየዳኸ መጣ። እኔ ከራስጌ፣ እሱ ከግርጌ ያዝን። ከመግፋቱ በፊት ለእኛ የነፈገንን አንቱታ ለአባቴ ሰጠው። «ኦቦ ገብሬ፣ ዲፋማ ናፍ ጎዳ» አለው፤ ይቅር ይበሉኝ ማለቱ ነው። እኔ እናቴን ነው ያሰብኩት። የሳጥኑ እንጨት እጄ ላይ ሲንሸራተት፣ ከዚያም እጄ ባዶ ሲሆን ዛሬም ድረስ ይሰማኛል።

ወዲያው ቢሰጥም ጥሩ ነበር። አልሰጠመም። ተንሳፈፈና አጠገባችን አጠገባችን መጣ። ጀልባዋ ስትነሳ ይነሳል፣ ስትወርድ ይወርዳል፤ ውሰዱኝ የሚል ይመስል ጎናችንን ሁለት ሦስቴ ነካን። «አባዬ ሂድ!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴን ሂድ አልኩት። ከዚያ አንድ ትልቅ ማዕበል በእኛና በእሱ መሃል ገባ፤ ሲያልፍ ሳጥኑ አልነበረም።

ጀልባዋ ቀለል ብላ ውኃው ላይ ቀና አለች። ወልደገብርኤል መቅዳቱን ቀጠለ፣ እኔም በጫማዬ ቀዳሁ። ሞረዳ የሞተሩን ሳር በጥርሱና በቢላዋ ሲጎትት ቆይቶ አስነሳው። ዝናቡ ሳስቶ መንደሩ ሲታየን ያደረብኝ ደስታ አይደለም። ዳር ላይ ሰው ሞልቷል። ቄሱ ዣንጥላ አስይዘው፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ አዲስ የተቆፈረ ቀይ አፈር ይታያል።

«ምን እንላታለን?» አለኝ ባሌ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ባዶ እጃችንን ሄደን ምን እንላታለን?»

ሞተሩ ዳግመኛ ቢጠፋ፣ ነፋሱ ወደ መሃል ቢመልሰን ተመኘሁ።

እናቴ ውኃው ጫፍ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተቀምጣለች። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘዋታል። ነጠላዋ የለም፤ በኋላ እንደሰማሁት ስታውለበልበው ነፋስ ወሰደው። ጀልባዋ ዳር ስትነካ ባሌ ዘሎ ወርዶ ፊቷ ተንበረከከ። ማየት ስለፈራሁ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

የሰማሁት የጥፊ ድምፅ ነው። ደገመችው። ከዚያ የሸሚዙን አንገት ይዛ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። ትሞክራለች፣ አየር ብቻ ይወጣል። ብብቷን ከያዟት ሴቶች አንዷ፣

«ከዝናቡ መጋረጃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ስትሉ ያየቻችሁ እሷ ናት» አለችን። «ጀልባዋ ስትጋደም አየች። ሳጥኑን ጣሉት፣ ልጆቼ ጣሉትና ትረፉ እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ውኃው ውስጥ ስትገባ ጎትተን ነው ያወጣናት።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ባሌን ወደ ራሷ ጎተተችና ጆሮው ላይ አፏን አድርጋ፣ እንደ ምንም፣ በሹክሹክታ፣

«ምን ስትጠብቁ ነበር?» አለችው። «እሱ ሞቶብኛል። በሞተ ሰው ላይ እናንተንም ልትጨምሩብኝ ኖሯል?»

«አልገባኝም ነበር እማማ» አለ ወልደገብርኤል። «ቃሉ አልገባኝም ነበር።» እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ፍትሐቱን ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ ቆመ፣ ሞረዳም ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እናቴ ግን ከጭቃው አልተነሳችም። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ድረስ በአንድ እጇ የባሌን ሸሚዝ፣ በአንድ እጇ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ይዛን ነበር፤ ሲያበቃም ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቁላት ሴቶቹ ናቸው።