ዘጠኝ መኪና በአንድ ባጃጅ

እኔ ደረጀ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁ የአይሱዙ ሹፌር፣ በሞባይል ተሸነፍኩ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልንገራችሁ።

ሐረር ያለው ማኅበራችን ጭነት የሚያከፋፍለው በተራ ነው፤ ቀድሞ ግቢ የገባ መርጦ ይጭናል። ድሮ ተራው የሚያዘው በጸሐፊያችን በሙሉመቤት መዝገብ ላይ ነበር። ገና ከከተማ ውጭ ባቢሌ ሆነህ ትደውልና «እህቴ፣ በሩ ላይ ነኝ» ትላታለህ። «ውሸታም!» ትልሃለች፣ ግን ትጽፍሃለች። ዘንድሮ ታብሌት መጣላት። አሁን ተራ የሚይዝልህ ስልክህ ነው። ስልክህ ግቢ ሲገባ ታብሌቱ መኪናህ ገባች ይላል፣ ሲወጣ ወጣች ይላል። ከወጣህ መጨረሻ ነህ። ልመና የለም፣ «እህቴ» የለም።

ልጄ ሊዲያ ቅዳሜ አዳማ ላይ ትመረቃለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ስትማር አንድ ቀን ሄጄ አላየኋትም። አንደኛ ዓመት ታማ ተኛች፣ ጅግጅጋ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ተሸለመች፣ ቶጎ ውጫሌ ነበርኩ። «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ «ወደዚያ ጭነት ሲወጣልኝ» እላታለሁ። ወደዚያ የሚሄደው ጭነት ግን ሁልጊዜ ለሌላ ይደርሳል።

ሐሙስ ዕለት አንድ የአዳማ ጭነት እንዳለ ተሰማ። ተራ የሚያዘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው። አይሱዙዬ ደግሞ ጋራዥ ገብታ ፍሬን ሸራ እየተቀየረላት ነው፤ ከማታ በፊት አትወጣም። ስልኬን ይዤ በእግሬ ብሄድ ሙሉመቤት በመስኮት ታየኛለች። አቦከር ሰፈር፣ ወዳጄ ጀይላን ቤት በርጫ ላይ ተቀምጬ ጫት እየቃምኩ ይህን ሳወራ ጀይላን ሳቀብኝ።

«አቦ አታካብጂ!» አለኝ። እኛ አገር ወንዱም ሲወደድ «አንቺ» ይባላል። «እነሱ ስልክ እንጂ መኪና መች ጠየቁ? በባጃጅ ላኪው!»

ባለባጃጁን ዐብዱኑርን ጠራን። ቤቱ ውስጥ ጫት የያዘ ሹፌር ሁሉ «የእኔንም! የእኔንም!» አለ። ዘጠኝ ስልክ በአንድ ፌስታል ሞላን። እኔ ግን የእኔን አውጥቼ ከባጃጁ የፊት መስታወት ሥር አስቀመጥኩት፤ በአንድ ክንድም ቢሆን ልቅደም ብዬ። ዐብዱኑርንም ግቢ ገብቶ እስክንመጣ እንዲቆም ነገርነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቴን ነፍቼ ማኅበር ቢሮ ገባሁ።

«ደረጀ፣ መኪናህ የት ናት?» አለች ሙሉመቤት።

«ግቢ ናታ! አንደኛ አይደለሁም እንዴ?»

ታብሌቱን አዞረችልኝ። «ስምንት ሰዓት ላይ ዘጠኝ መኪና በአንዴ ገባ። ጉድ ነው ብዬ በመስኮት ባይ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ! ቆይ ጉዳቸውን ልየው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ባጃጁ ተሳፋሪ አገኘ።»

ወይ ዐብዱኑር! የአምስት ልጆች አባት ነው፣ ደንበኛ አይቶ አያልፍም። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ የጭነት መኪና ተደራርቦ በሸዋ በር አልፎ፣ አህያ እንኳ በጭንቅ በምታልፍበት መንገድ ጁገል ውስጥ ጊደር መጋላ ገበያ ገብቶ ቆሟል።

«በርበሬ እየገዛችሁ ነው?» አለችኝ።

«ሙልዬ፣ በወላዲተ አምላክ፣ አጥፊውና እንደገና ጻፊኝ!»

«መዝገብ ቢሆን እሰርዝልህ ነበር። ይሄ እኔንም አይሰማኝም። እስቲ አንተ ንገረው።»

አላፍርም፣ ታብሌቱን ለመንኩት።

የአዳማው ጭነት ለአንጋፋው ሹፌር ለአው ዑስማን ደረሰ። ሽማግሌው ኢንተርኔት የሚባል የሌላት ትንሽ ስልክ ነው የያዙት፤ እንደሳቸው ያለውን ሙሉመቤት በእጇ ታስገባለች። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ወላሂ አዝናለሁ ልጄ፣ እኔም ተራዬ መድረሱን አላወቅሁም፣ እሷ ናት የጠራችኝ» አሉኝ።

ዐብዱኑር ቢሮው በር ድረስ ሲመለስ ስልኬ መስታወቱ ሥር ይጮሃል። ሊዲያ ናት። የስልኬ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ላውድ ላይ አድርጌ ነው የማወራው፤ ሁሉም ይሰማል።

«አባዬ፣ ጭነቱ ወጣልህ?»

«አመለጠኝ ልጄ። ይቅር በይኝ፣ አልመጣም።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም።

«አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ከሐረር አዳማ አውቶቡስ የለም እንዴ?»

ሙሉመቤት ታብሌቷ ላይ አቀረቀረች። በእናቴ እምላለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን አውቶቡስ ቀድሜያለሁ፣ ስንቱን ጥሩምባ ነፍቼበታለሁ። እኔም እንደ ሰው ልሳፈርበት እንደምችል አንድ ቀንም በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም።

«አለ» አልኳት።

«አራት ዓመቱንም ነበረ?»

«ነበረ ልጄ» አልኳት። «ነገ ምንም ሳልጭን ተሳፍሬ እመጣለሁ።»