የአንቋው ቤት

ካፊያ ቤት አትሠራም፤ ታበቅላለች። ጅግጅጋ ዳር፣ ከግቢዋ ጀርባ፣ ዐሥራ ስድስት የአንቋ ዛፍ ቅርንጫፎች በክብ ተክላ ነበር፤ አንቋ ቆርጠው ከተከሉት ሥር ይሰዳልና። ሲያድጉ ጫፋቸውን እያጎነበሰች እርስ በርስ ታስራቸዋለች። እንዲህ ስታጎነብስና ስታስር ስድስት ዓመት ሞላት። ጎረቤት "ካፊያ ልጇን ከነዛፉ ልትድር ነው" እያለ ሲስቅ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቤቱ ለልጇ ለዐኒሳ ነው። በሶማሌ ወግ የሙሽራዋን ቤት የምታቆመው እናት ናት፤ ቤቱም የሴቷ ነው፤ ባሏ እንኳ ያለ ፈቃዷ አንዲት እንጨት አይነቅልበትም።

ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው የጎደለው ከላይ ተደርቦ የሚሸፍነው የጣሪያው ምንጣፍ ብቻ ነበር።

"ሆዮ፣ ሀርሺን ያለችው አክስቴ አሠራሩን ታውቅበታለች፤ ሄደሽ አብራችሁ ሥሩት" አለች ዐኒሳ፤ እናቷን "ሆዮ" ነው የምትላት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት፤ ለመንገድ የሚሆን ቴምርም ገዛችላት።

በሃያኛው ቀን ካፊያ ምንጣፎቹን በአይሱዙ አስጭና ስትመለስ ከአንቋዎቹ የተረፈው ጉቶ ብቻ ነበር። ሙጫው እንኳ አልደረቀም። አጠገቡ ብሎኬትና አዲስ ቆርቆሮ ተከምሯል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ወደ ዐኒሳ እጮኛ ወደ ባሺር ሱቅ ነጎደች። ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል? ብሎኬትና ቆርቆሮ ነጋዴው እሱ ነው። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሰደበችው፤ ልጄን አልሰጥህም አለችው። ባሺር አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

"እናቴ፣ የሴት ቤት የሚደፍር ወንድ የት አይተዋል?" አለ በመጨረሻ። "እኔ ባዶው ቦታ ላይ ልሥራ ነው ያልኩት። ዛፉ ይቆረጥ ያለችው የቤቱ ባለቤት ናት።"

ወጉን ከእሱ ይልቅ ካፊያ ታውቀዋለች፤ ከዐኒሳ በቀር ማንም ሊያዝዝ አይችልም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ግን ፈረስ ሌላ፣ ልጅ ሌላ።

ወደ ቤት ስትመለስ ዐኒሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አልካደችም።

"ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ ሆዮ። ከተማ ተቀምጦ ዛፍ ውስጥ የሚኖር ማን አለ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።"

"ዛፉን ልታስቆርጪ ያሰብሽው መቼ ነው?"

ዐኒሳ መሬት መሬት አየች። "ሀርሺን ከመሄድሽ በፊት።"

የካፊያ ልብ የተሰበረው ይሄኔ ነው። የዛፉንስ ይቅር ትላት ነበር። ልጇ እየሳመች የሸኘቻት ከዓይኗ እንድትርቅላት ኖሯል።

"ቤቱ ያንቺ ነው፤ መብትሽ ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰርግሽም ላይ እመጣለሁ። ብቻ ቀኑ ሲደርስ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ሰው ልከሽ አስጠሪኝ።"