ባለቤት የሌለው ሳምቡሳ ቤት

ሰው ሱቅ የሚከፍተው እንዲታወቅለት ነው። ሳዲያ ግን ከፍታ ደበቀችው።

ሱቋ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ በልብስ ማጠቢያና በስልክ ጠጋኝ መሃል ያለች ጠባብ ቤት ናት። ቀድሞ የጥፍር ቤት ነበረች። ሳዲያ መጥበሻ አስገብታ ሳምቡሳና ጣፋጩን ሙሸበክ መሥራት ስትጀምር፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ባለ ቀይ ጥፍር የእጅ ሥዕል አልነካችውም። አንዳንዴ ጥፍሯን ልትሠራ የገባች ፈረንጅ ግራ ተጋብታ ሳምቡሳ ገዝታ ትወጣለች። ገበያ ማለት ይኸው ነበር።

ምክንያቱ የሰው ዓይን ነው። እናቷ «ሳይበስል አይወራም» ይሉ ነበር። ቤት ሲገዛ፣ መንገድ ሲታሰብ፣ ልጅ ሲረገዝ አፍን መያዝ ነው። ሳዲያ ይህን ምክር እንደ ፓስፖርቷ ጠብቃ ከመርካቶ ኮሎራዶ አስገብታዋለች። የሚያውቃት ሐበሻ በበሩ ብቅ ብሎ ከጠየቃት መልሷ አንድ ነው።

«የሰው ቤት ነው፤ እኔ ተቀጥሬ ነው።»

ባሏ ሙኒብ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ነገሩ ሲያንገበግበው ቆየ።

«ሳዲ፣ ሱቅ እኮ ነው! እርግዝና እንኳ በአምስተኛው ወር ይታያል።»

«ዝም በል፣ አታሟርትብኝ!»

ገዢ ጠፋ፤ ኪራዩም አላፈናፍን አለ። ሙኒብ በወሩ መጨረሻ እንደሚለቁ ለአከራዩ ነገረው። ሳዲያ ያን ቀን ሊጥ እየዳመጠች አለቀሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው የራሷን ሱቅ ነበር። ይህን ያህል ደብቄው እንኳ ዓይን ገባበት፣ አለች በሆዷ።

በማግስቱ እትዬ አበዛሽ እየተጣደፉ ገቡ። ቶርንተን ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሴቶች ደግሞ በአንድ የድምፅ መልእክት ያንቀሳቅሷቸዋል።

«ሳዲዬ፣ ምሥራች!»

«ምስር ይብሉ!»

«እኛ ጋ ሥራ አገኘሁልሽ። ከዚህ ጨካኝ ሰውዬ እጅ ልትወጪ ነው!»

«ከየትኛው ሰውዬ?»

«ከባለቤቱ ነዋ! ከጠዋት እስከ ማታ ብቻሽን ሲያሠራሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ ሳያይሽ! ለሴቶቹ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ረዳት እስኪቀጥርልሽ ድረስ ማንም ከዚህ ቤት አንዲት ሳምቡሳ እንዳይገዛ። የመስጊዳችሁ ሴቶችም ሰምተው ‹እኛም አንገዛም› አሉ። ይክሰር!»

ሳዲያ መጭለፊያዋን እንደያዘች ቀረች። ለካ ሱቁን የበላው ዓይን አልነበረም፤ የገዛ አፏ ነው። ሳቅም እንባም እኩል መጡባት።

መውጫው ደግሞ ምን የመሰለ ነበር! «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሥራውን መቀበል፣ ሱቁን መዝጋት፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ግን ማንም ሳያውቅ ማለቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘናት።

«እትዬ፣ ሰውየው የለም። ቤቱ የኔ ነው።»

እትዬ አበዛሽ ቦርሳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ጨካኙ ሰውዬ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ጉደኛ! ሽታው እየጎተተኝ ስንቴ አፍንጫዬን ይዤ አልፌያለሁ!» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አንድ ትኩስ ሳምቡሳ ከትሪው አንስተው ገመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ፤ ስልካቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እህቶቼ፣ ስሙኝ...»

ሳዲያ ሳታስበው እጃቸውን ያዘች። «ለሰው እንዳይ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። እጃቸውንም ለቀቀች።

«የሱቁን ስም ማን ልበል?»

ስም አውጥታለት አታውቅም። ስም ያለው ይጠራል፤ የተጠራ ደግሞ ይታያል። ፈራች።

«‹የሳዲያ ሳምቡሳ› ይበሉ።»

ጣራው አልወደቀም። ዘይቱም መጥበሻው ውስጥ እንደነበረ ይንጣጣል።

«ጮክ ብለው ይበሉት፣ እትዬ።»

እሳቸው ሲናገሩ እሷ ለሙኒብ ደወለች። «ለአከራዩ ንገረው፤ አንለቅም በለው» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወንበር ስባ ወጣችና ባለ ቀይ ጥፍሩን እጅ ከመስታወቱ ላይ ትልጥ ጀመር።