የቀለለው ላፕቶፕ

አባቴ ቀላል ነገር አያምኑም። ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ሲያመርቱ ኖረው፣ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ዘግነው መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ካልከበዳቸው ፍሬው አልሞላም ብለው ይደመድማሉ። የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በ2008 የካቲት፣ ለሴሚስተር ዕረፍት በመጣሁበት ሰሞን፣ ላፕቶፕ ሊገዙልኝ ሸሕዲ ከተማ ሲወስዱኝ ጭቅጭቅ እንደማይቀርልኝ አውቄ ነበር። ከእርሻው የመጣነው ሹፌራችን ያረጋል ናፍጣ ሊቀዳ በሚነዳው ትራክተር፣ ተጎታቹ ላይ ተቀምጠን ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የእኛ ትምህርት ያለ ላፕቶፕ አይሆንም። የጓደኛዬን የሰርካለምን እሷ ምሳ እስክትበላ እየተዋስኩ ስሠራ አንድ ትምህርት ወደቅሁ። ሁለተኛ ብወድቅ መባረር ነው።

የምፈልገውንም አውቃለሁ፦ ቀጭን፣ ቀላል፣ ያገለገለም ቢሆን ባትሪው የሚይዝ። ለምን ቀላል እንደፈለግሁ ግን ለአባቴ መንገር አልችልም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሯል። ወጌሻ አሸው፤ ዳነች ተባለ። አልዳንኩም። ትራክተሩን የነዱት አባቴ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ትከሻዬን ያመኛል ብል ምን እንደሚሆኑ ስለማውቅ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለሱቁ ፈረደ ሁለት ላፕቶፕ አወጣልን። አንደኛው አዲስ፣ ጥቁርና ድልብ ነው። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ግራጫ፣ ክዳኑ የተጫረ፣ ዋጋውም የመጀመሪያው ግማሽ። ግራጫውን ከፍቼ የምንማርበትን የንድፍ ፕሮግራም አስነሳሁ፤ ወዲያው ተነሳ። ቻርጀሩን ነቅዬ ባትሪውን አየሁ፤ ይይዛል። ልቤ እዚያው ቀረ።

አባቴ ሁለቱን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው።

«ይኼ ባዶ ነው» አሉ ግራጫውን።

«ጋሽ አዛናው፣ ላፕቶፕ እኮ እንደ ሰሊጥ አይዶለም» አለ ፈረደ።

«ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም ስሸጥ እላለሁ።»

«አባየ፣ እኔ ይኼ ይበቃኛል» አልኩ።

«ለገንዘቤ አዝነሽ ነው? ሰሊጡ ዘንድሮ ሰጥቶናል። የአዛናው ልጅ የተጫረ ዕቃ ይዛ ጎንደር አትገባም። ፈረደ፣ ትልቁን አድርግላት።»

ፈረደ ጥቁሩን ከነቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። እኔም በንዴት እሺ አልኩ። ቦርሳውን እንደ ልማዴ በግራ ትከሻዬ አንግቼ ወደ በሩ አመራሁ። አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። አባቴ በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ እዚሁ ሸሕዲ የሰው ገበያ ቆመው ጫኝ የሚቀጥሩ ሰው ናቸው። ጉልበት አለኝ ያለውን ሁሉ አይሰሙም፤ ጆንያ አሸክመው አሥር እርምጃ ያስኬዱትና ትከሻውን ያያሉ።

«ሠላማዊት፣ ተመለሽ» አሉ። «በቀኝሽ አንግችው።»

አነገትኩ።

«ሂጂ።»

አምስት እርምጃ ሄድኩ። ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ስድስተኛው ላይ ማሰሪያው ተንሸራቶ ክንዴ ላይ ወደቀ።

«አውርጂው። ከመቸ ጀምሮ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዋሽ ነበር።

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ።»

አባቴ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ፈረደ የመደርደሪያውን ንጹሕ መስታወት መወልወል ጀመረ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ልጀ? እኔ እኮ ድነሻል ብየ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብየ ነው።» ከዚያ ለማንም ያልነገርኩት አመለጠኝ። «አባየ፣ ከመነሳታችን በፊት ተቀመጪ ብለውኝ ነበር። እሺ ብየ፣ ዞር ሲሉ ቆምኩ። ሰፈር ሁሉ እንዲያየኝ ፈልጌ። የወደቅሁት በእርስዎ አነዳድ አይዶለም።»

አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሱም፤ ግን አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ተነሱ። ጥቁሩን አውጥተው ግራጫውን ላፕቶፕ በእጃቸው ቦርሳው ውስጥ ከተው፣ ቀኝ ትከሻዬ ላይ አነገቱልኝ።

«አሥር እርምጃ» አሉ።

አሥሩን ጨረስኩ። ማሰሪያው ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎኝ አሥራ አንደኛውንም ጨመርኩ።

«ይኼን ነው የምንወስደው» አሉ ለፈረደ። «ባዶ ከሆነ ግን እመለሳለሁ።»

ውጭ ያረጋል ናፍጣውን ቀድቶ መሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። አባቴ ሄደው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«ውረድ።»

«ጋሼ?»

«ውረድና ከልጅቱ ጋራ ተጎታቹ ላይ ተቀመጥ።»

መሪውን ጨበጡ። ሞተሩን አስነስተው ዞረው አዩኝ።

«ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ አባየ።» ላፕቶፑን ታቅፌ በእውነት ተቀምጬ ነበር።

ከሸሕዲ የወጣነው በዝግታ ነው፤ የአህያ ጋሪ ሳይቀር ቀድሞን አለፈ። እሳቸውም መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ በየመሃሉ እየዞሩ ጠየቁኝ፣ እኔም በየመሃሉ መለስኩላቸው።