ቀይ ሰደርያ የለበሰችው ዶሮ

ዶሮዋ ቀይ ሰደርያ ለብሳ ግቢውን ስትዞር፣ አምስቱ ጓደኞቿ ከኋላዋ እየተሯሯጡ ያሳድዷታል። ልጅቷ ምላሶ ደግሞ ከአምስቱ ኋላ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ ትሮጣለች።

"እማ! የሰፋሽላት ልብስ ጭራሽ አባሰባት! ሙሽራ መሰለቻቸው መሰለኝ፣ አጅበዋታል!"

እናቷ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በሰፈሩ መቀሷ ያልነካው የተማሪ ዩኒፎርም የለም። የዶሮዋ ጀርባ ላባው ተነጭቶ መላጣ ሲቀር አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ከቀሚስ ገበር በተረፈ ቀይ ሳቲን ሰደርያ ሰፋችላት። ቁልፍ ሳይቀር አለው። ልኩማ ልክክ ብሎ ነበር፤ ጉዱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ዶሮ ቀይ ነገር ሲያይ ደም ያየ ይመስለዋል፣ ደም ካየ ደግሞ አይለቅም። ይሄንን ለልብስ ሰፊዋ ማን ይንገራት?

"ቀይ ያምርባታል ብዬ እኮ ነው" አለች እናት ሐፍረት ብጤ ይዟት።

"ማማሩንማ አምሮባታል። እነሱንም ያማራቸው ለዚያ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ!"

ምላሶ መባሏም በዚሁ ነው። መላጣዋን ዶሮ፣ መላጢትን፣ አፈፍ አድርጋ ሰደርያዋን ስትፈታላት ከሥሩ ደም አቀርሯል። እናት ደሙን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"በቃ። ጋሼ ለምሳ ሲመጣ ጉልቤን ይረድልንና እንገላገል። አለዚያ መላጢትን በቁሟ ትጨርሳታለች።"

ጋሼ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሥጋ ቆራጭ። ጉልቤ ደግሞ ትልቋ ቡናማ ዶሮ ናት፤ ምግብ ሲቀርብ ሁሉንም በደረቷ ገፍታ ቀድማ የምትገባ።

"ጉልቤ ስትነጭ አይተሻታል?"

"መልኳን አታይም እንዴ?"

"በመልክማ ቢፈረድ ጋሼም እስር ቤት ነበር።"

እናት ሳቋን ለመደበቅ ወደ መኪናዋ አጎነበሰች። ምላሶ ግን ከልቧ ነው። ምሳ ሳይደርስ ጥፋተኛዋን በዓይኗ ካላየች አንድ ነፍስ በሐሜት ሊሄድ ነው።

የመላጢትን ቁስል አጥባ በጥቁር እራፊ ሸፈነችላትና ዶሮዎቹን ሁሉ ወደ ቤታቸው አስገባች። ራሷም ተከትላ ገባች፤ ጆንያ ተከናንባ ጥጉ ላይ ተጋደመች። ጠባብ ቤት ነው። አፈር ወለል የነበረው ግማሹ ላይ የእናቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተቋጥሮ ተከምሮበታል። የቀረው እንደ ግቢው ሁሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው።

መጀመሪያ ዶሮዎቹ አንገታቸውን አስግገው ታዘቧት። እየቆዩ ረሷት። ከዚያ እሷ ሳትኖር የሚኖሩት ኑሮ ተጀመረ፣ ምላሶም ትንፋሿን ዋጠች። በየቀኑ ጥሬ የምትበትንላቸው ስድስት ዶሮዎች ለካ ራሳቸውን የቻሉ አገር ናቸው! አንዷ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀስ ብላ ስታጉረመርም ሌላዋ ቦታ ትለቃለች። አንዷ የዓይኗን ቆብ ከታች ወደ ላይ ስትከድን ጎረቤቷም ትከድናለች። ጉልቤ፣ ያቺ የሞት ፍርደኛ፣ በሩ ላይ ቆማ በስንጥቁ የሚገባውን ብርሃን ከማየት በቀር ማንንም አልነካችም።

ያኔ ሐሪቱ መጣች።

ሐሪቱ ነጭ ናት፣ የምላሶ ነፍስ ናት። ጫጩት ሆና ስትታመም በብብቷ ይዛ ያሳደገቻት፣ ከመዳፏ የምትበላ፣ ስትጠራት አቤት የምትል የምትመስል። ወደ መላጢት ቀረበች። ከጓደኛዋ ትከሻ ላይ ክር እንደምታነሳ ሴት፣ በእርጋታ፣ አንዲት ላባ ከጭራዋ ሥር ነቀለች። አገላብጣ አየቻት። ዋጠቻት። መላጢት ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አልጮኸችም።

 ቁጣ የለ፣ ጠብ የለ! ሐሪቱ ሲሚንቶውን በእግሯ ጫረች። ምንም አልወጣም። ደግማ ጫረች። ከዚያ ቀና አለችና ወደ ላባው ተመለሰች። ነገሩ ለምላሶ ያኔ በራላት፤ ያ እግር ቀኑን ሙሉ አፈር ሊጭር የተፈጠረ እግር ነው። አፈሩ ግን ጨርቁ ሥር ነው።

አጠገቧ አንዲት የተሰነጣጠቀች ላባ ወድቃለች። አንስታ በጣቷ ከሥር ወደ ላይ ዳበሰቻት። ስንጥቁ ተዘጋ። ምላሶ አላመነችም፤ በጥፍሯ ቀደደቻት፣ ዳበሰቻት። አሁንም ተዘጋ፣ ቀድሞ ያልተቀደደ ያህል።

"እህቴ! ተከሳሿ የታለች?" የጋሼ ድምፅ ነው፤ እናት ነገሩን ነግራው ኖሯል።

ብድግ ብላ ወጣች። ዶሮዎቹም ግር ብለው ተከተሏት። ጋሼ ጉልቤን ቀብ አድርጎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጣት፤ በሌላው እጁ ቢላዋ ይዟል።

"ምን ሆነሽ ነው ላባ በላባ የሆንሽው? ልትፈለፈዪ ነው?"

ምላሶ ጉልቤን አየች፣ ቢላዋውን አየች። ዝም ብትል ሐሪቱ ትተርፋለች። ዝም ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን አታውቅም ነበር። ጉልቤ ከጋሼ ብብት ሥር በአንድ ዓይኗ ታያታለች።

"ልቀቃት ጋሼ። እሷ አይደለችም። የእኔዋ ናት።"

"ሐሪቱ?" አለች እናት ደንግጣ።

"በዓይኔ አየኋት።"

"እንግዲህ ነጭም ሆነች ቡናማ ለእኔ ያው ናት" አለ ጋሼ ጉልቤን እየለቀቀ። "አምጪያት።"

"ቆይ። እማ፣ መጀመሪያ ይቺን እያት።"

ላባዋን እናቷ ፊት ሰነጠቀቻት፣ ዳበሰቻት። እናት መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። በዕድሜዋ ያልነኩት ጨርቅ የሌለ ጣቶቿ ስፌት ፍለጋ ላባዋን ዳሰሱ።

"እስኪ ድገሚው... አይ፣ ወዲህ በይ፣ እኔው።" ቀደደች። ዳበሰች። ተዘጋ። "ክር የለው፣ መርፌ የለው! እኔ ስጥፍ ዓይኔ ጠፋ፣ ይሄ ራሱን በራሱ ይጥፋል?"

ጋሼም አንገቱን አሰገገ። ቢላዋውን የያዘበት እጁ ወደ ታች ወርዷል። "ስንቱን ነጭቼ ጥያለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንዷን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም።"

ሦስቱም በአንዲት ላባ ዙሪያ እንደ ሕፃን ተኮልኩለው ቆሙ።

"ሐሪቱ ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራ ፈትታ ነው" አለች ምላሶ። "የምትጭረው የላትም። አፈሩ ከጨርቅሽ ሥር ነው፣ እማ።"

"መተዳደሪያችንን ታዲያ የት ልጣለው? ቤቱ እንደሆነ ጢም ብሏል።"

ምላሶ ወደ ክፍሏ በር ዞረች። ስንት ጊዜ አልቅሳ፣ ስንት ጊዜ አኩርፋ ያገኘቻት፣ አልጋና እሷን ብቻ የምትችል ክፍል።

"እኔ ክፍል ይከመር።"

"አንቺስ?"

"ካንቺ ጋር እተኛለኋ። ብቻ እንደ መኪናሽ እየተንተከተክሽ እንዳታንኮራፊብኝ።"

እናት መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት፣ ምላሶ በሯን በጀርባዋ ገፍታ ፍራሿን ወደ ውጭ መጎተት ጀምራለች።